የእማማ ሲንጀር

በልጅነቴ የለበስኩት ልብስ ሁሉ ማለት ይቻላል ከእኔ በፊት ሌላ ሰው የለበሰው ነው። እናቴ ቅዳሜ ጠዋት ቦንዳ ሊፈታ ነው ሲባል ቁርስ ሳትቀምስ ትወጣለች። የልባሽ ጨርቅ ጥቅሉ ማሰሪያው ሲበጠስ ቀድሞ የደረሰ ደህና ደህናውን ያነሳል፤ የዘገየ ቁልፉ የረገፈውን ይዞ ይመለሳል። እናቴ ቀድማ ብትደርስም አትቸኩልም ነበር። ሸሚዙን ወደ ፀሐይ አንስታ የሳሳበትን ትፈልጋለች፣ ብብቱን ትገለብጣለች፣ የአንገቱን እጥፋት በጥፍሯ ትፍቃለች፣ ዚፑን ሦስት ጊዜ ከፍታ ትዘጋለች። ገዝታ ያመጣችውን እኛ ሰፈር ያለው ልብስ ሰፊ ያስጠብበዋል። ከዚያ በኋላ ያ ሸሚዝ ሁለት ዓመት ይለበሳል፤ ከእኔም አልፎ ለወንድሜ ይደርሳል።

አንድ እንቁጣጣሽ ግን አዲስ ሸሚዝ ገዛችልኝ። ላስቲክ ውስጥ የታሸገ፣ አንገቱ በካርቶን የቆመ ሰማያዊ ሸሚዝ ነበር። ያንን ብብቱን አልገለበጠችም፤ ወደ ፀሐይም አላነሳችውም። በመጀመሪያው አጠባ ቀለሙ ለቆ የቤቱን ነጭ ጨርቅ ሁሉ ሰማያዊ አደረገው። ይህን ነገር ረስቼው ነበር፤ ያስታወሰኝ ለባለቤቴ የገዛኋት የስፌት መኪና ጉዳይ ነው።

ግንቦት ላይ ዕቁብ ደረሰን። ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን ልትወልድ ቀናት ቀርተዋታል፤ ከወለደች በኋላ ወደ ቀድሞ ሥራዋ መመለስ እንደማትችል ሁለታችንም እናውቃለን። ከመጋባታችን በፊት ልብስ ስፌት ተምራለች፤ እኛ ሰፈር ደግሞ ነሐሴ ሲገባ ወላጅ ለልጁ ዩኒፎርም የሚሰፋለት ያጣል። የስፌት መኪና እንግዛ ለማለት ጊዜ አልፈጀብንም። የተለያየነው አዲስ ይሁን ያገለገለ በሚለው ላይ ነው።

"ሰው የሠራበት መኪና ጠባዩ ይታወቃል። ያገለገለ ፈልግ" አለችኝ።

እኔ እምቢ አልኩ። አራስ ልትሆን ለተቃረበች ሚስቴ የሌላ ሰው አሮጌ ዕቃ ተሸክሜ መግባት አልሆንልህ አለኝ። የሰው ልብስ ለብሼ ስላደግሁ ይሆናል፣ የምወደው ሰው ፊት አዲስ ነገር ማቅረብ የፍቅር ማረጋገጫ ይመስለኝ ነበር። እርሷም ልቤን አይታ ተወችኝ።

መርካቶ ሄድኩ። ሱቁንም የመኪናዋንም ስም አልጠራም። ማሳያዋ ጥቁር ቀለሟ እንደ መስታወት ፊት ያሳያል፤ አንገቷ ላይ ወርቃማ አበባ ተስሎባታል። ሻጩ "የአንተዋ ካርቶኗ እንኳ አልተከፈተም" አለኝ። ያልተከፈተ ካርቶን ትልቅ ነገር ሆኖ ታየኝ። እንደታሸገች ጭኜ አመጣኋት።

ባለቤቴ በሳምንቱ ወለደች። ካርቶኑ ግድግዳ ተደግፎ ተቀመጠ። ጠያቂ ይመጣል፣ ገንፎ ይቀርባል፣ ቦታ ያጣ ሰው የቡና ስኒውን ካርቶኑ ላይ ያሳርፋል። ልጃችን በ40 ቀኑ ክርስትና ተነሳ፤ በማግስቱ ካርቶኑን ከፈትን።

የመጀመሪያዋ ቁራጭ አቡጀዲ ከላይ ስፌቷ ያምራል፤ ስትገለበጥ ግን ክሩ እንደ ፎጣ ጸጉር ተንጨባሯል። ባለቤቴ ክሩን አጠበቀች፣ አላላች፣ መርፌ ቀየረች። ለውጥ የለም። የጂንስ እጥፋት ስትሰጣት መርፌዋ ብረት መትታ ተሰበረች። የስፌት መኪና የሚጠግን ሰው ጠራን። ሆዷን ከፍቶ የታችኛውን ክር የምትይዘው መንጠቆ ከመርፌዋ ጋር የምትገናኝበት ጊዜ መዛባቱን አሳየን። አስተካከላት፤ በሦስተኛው ቀን ተመልሳ ተዛባች። "ብረቷ ለስላሳ ነው። ብሎኗን ባጠብቀው ጥርሱን ይበላዋል" አለን በሐዘን።

ሱቁ ስመለስ ሻጩ ደረሰኙ ግርጌ ያለውን ማኅተም በጣቱ አሳየኝ፤ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም ይላል። ተናደድኩ። ቤት ገብቼ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ን ፈልጌ አነበብኩ። እንከን ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል ይላል። ማኅተም አዋጅ አይሽርም። ግን እኔ ሱቁ የሄድኩት 50 ቀን ገደማ ካለፈ በኋላ ነው። ካርቶኑን በገዛሁበት ቀን ከፍቼ አንድ ቁራጭ ጨርቅ አሰፍቼባት ቢሆን ኖሮ፣ ሕጉም ከጎኔ ነበር። ዕቃው አዲስ ከሆነ ፍተሻው ያለቀለት እየመሰለን፣ ሕጉ የሰጠንን ቀን ስንቶቻችን እንደታሸገ እናሳልፈው ይሆን?

እንሽጣት ተባባልን። አንድ ሸሚዝ እንኳ ያልሰፋችውን መኪና ደላላው "ያገለገለች" ብሎ ይዟት ዞረ። ቃሉ ከነከነኝ። አማርኛችን አሮጌ ከማለት ተቆጥቦ ያገለገለ ሲል ለዕቃው ክብር እየሰጠ ነው፤ ሠርቷል፣ ሰው ጠቅሟል ማለቱ ነው። ያቺ መኪና ግን ማንንም አላገለገለችም። አንዲት ወጣት ሥራ ልትጀምርባት ፈልጋ መጣች፤ ገንዘቡን በመሐረብ ቋጥራ ይዛለች። ደላላው በዓይኑ እየጠቀሰኝ የመኪናዋን ችግር ነገርኳት። ልጅቷ አመስግናኝ ሄደች፤ ደላላው ሳይሰናበተኝ ሄደ። በመጨረሻ መኪናዋን ያው ጠጋኝ ለመለዋወጫ በገዛሁባት ሲሶ ወሰዳት። ኪሳራው ዛሬም ያመኛል። ልጅቷን በማታለል ባስመልሰው ግን ይበልጥ ያመኝ ነበር።

የቀረንን ብር ይዘን ወደ ባለቤቴ ሐሳብ ተመለስን። ጉለሌ አካባቢ ዕድሜ ልካቸውን ልብስ ሲሰፉ የኖሩ እናት ዓይናቸው ስለደከመ ሲንጀራቸውን ሊሸጡ ነው የሚል ወሬ ሰማን። ብቻዬን ሄድኩ። እማማ ከመኪናዋ ላይ የጥልፍ ልብሷን ገለጡልኝ። ወርቃማው ጽሑፍ እጅ በሚያርፍበት በኩል ተፍቆ ጠፍቷል፤ እግር የሚረግጠው ብረት መሐሉ ልስልስ ብሏል።

"ስንት ይሏታል እማማ?"

"የሚሠራባት ማን ነው?" አሉኝ።

"ባለቤቴ።"

"እንግዲያው እርሷን ይዘሃት ና ልጄ። ዋጋው ከዚያ በኋላ ነው።"

በማግስቱ ባለቤቴ ሕፃኑን አዝላ መጣች። እማማ ሕፃኑን ተቀብለው አቀፉና እርሷን ወንበሩ ላይ አስቀመጧት። መጀመሪያ ክር እንዳታስገባ አዘዟት። ከአሮጌ ደብተር አንድ ገጽ ቀደዱና "ይህን ስፊ፤ ቀዳዳው እንደ መስመር ከሄደ ልቧ ደህና ነው" አሏት። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ሲያነሱት ቀዳዳዎቹ አንድም ሳይዛነፉ ተሰልፈዋል። ወረቀቱን ያነሱበት አኳኋን ቁርጥ የእናቴ ነበር፤ ጉሮሮዬ ላይ የሆነ ነገር ተሰነቀረ። ቀጥሎ ስስ ነጠላ፣ ቀጥሎ አራት የታጠፈ ጂንስ አሰፏት። ከዚያ ደግሞ ሳንጠይቃቸው ጉድለቷን ተናገሩ፤ ክር ማጠንጠኛዋ ሰነፍ ናት፣ ቺንጋዋ በዚህ ዓመት መቀየር አለበት፣ ዘይት በየሳምንቱ ትፈልጋለች። ዋጋውንም ነገሩን። አልተከራከርንም።

የማስተምረው ታሪክ ነውና መኪናዋ ላይ ያለችውን ትንሽ ሳህን ሳላነብ አላለፍኩም። 15ኬ ይላል። ኬ ማለት ኪልቦዊ ነው፤ ስኮትላንድ ውስጥ ክላይድባንክ ከተማ የነበረው የሲንጀር ፋብሪካ። ፋብሪካው በ1980 እ.ኤ.አ. ተዘግቷል፤ ከእርሱ የወጣችው መኪና ግን ጉለሌ ውስጥ ወረቀት በልኩ ትበሳለች። ስለ ኩባንያው ሳነብ ከሁሉ የገረመኝ በ1850ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ያደረገው ነው። አሮጌ መኪና ላመጣለት ደንበኛ ከአዲሷ ዋጋ ላይ ይቀንስለት ነበር፤ የተረከባቸውን አሮጌዎች ግን ተመልሰው ገበያ እንዳይገቡ ያጠፋቸዋል። ልዋጭ ነበር ማለት ነው። በየደጃችን እየዞሩ ልዋጭ የሚሉት ልጆች ግን በአሮጌ ጫማ ሳፋ ለውጠው ጫማውን አይጥሉትም፤ የሚጠግነው፣ ቀጥሎም የሚያደርገው ሰው ይጠብቀዋል።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ባለኝ። ላዳ ታክሲ ጠራሁ። የመኪናዋን ጭንቅላት ፈትተን ባለቤቴ አጠገብ ወንበር ላይ አስቀመጥናት፤ የብረት እግሩን ፖርቶ መጋላው ላይ በገመድ አሰርኩት። ያሰርኩት እኔ ነኝ። ሰፈራችን ልንገባ ስንል መንገዱ ላይ ካለው ጉብታ ስንዘል ገመዱ ላላ፤ እግሩ አስፋልት ላይ ወርዶ አንድ ጎኑ ለሁለት ተሰበረ። ባለቤቴ ቃል አልተናገረችም። ሕፃኑን ይዛ ወርዳ ስብርባሪውን አንድ በአንድ ለቀመች።

በያጅ ጋ ወሰድኩት፤ አይቶ ራሱን ነቀነቀ። "ይሄ ጊዛ ነው። እንደ ተራ ብረት ብበይደው ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል። በደንብ መሞቅ አለበት፣ ኤሌክትሮዱም ሌላ ነው፤ እኔ ጋ የለም።" ይህን ስላለኝ አከብረዋለሁ፤ ብር ተቀብሎ ሊያጣብቀው ይችል ነበር። "ምናለሽ ተራ ሂድ" አለኝ።

ምናለሽ ተራ ከመግባትህ በፊት ድምፁ ይቀበልሃል። በርሜል ይቀጠቀጣል፣ ጣሳ ይቆረጣል፣ ከተጣለ ቆርቆሮ የከሰል ምድጃ ይወጣል። ቆራሌው ከየሰፈሩ የሰበሰበው ሁሉ መድረሻው ይህ ነው። ሌላው ሰው ቆሻሻ የሚለውን እዚያ ያለ ባለሙያ አገላብጦ አይቶ የምን አካል እንደሆነ ይነግርሃል። የእኔን ስባሪ ያሳየሁት ሰውም ተቀብሎ ክምሩ ውስጥ ገባና መንትያውን የመሰለ ጎን ይዞ ወጣ። የብሎን ቀዳዳዎቹ የጣት ውፍረት ያህል ይለያያሉ። በትራፓኖ አዲስ ቀዳዳ በሳልኝ። የእማማ ሲንጀር ዛሬ ግማሽ እግሯ የሌላ ሲንጀር ነው።

ነሐሴ ላይ 31 ዩኒፎርም ሰፋችባት። መብራት ሲጠፋ በር ከፍታ በቀን ብርሃን ትሠራለች፤ ሕፃኑ የመርገጫውን ድምፅ ለምዶ እርሷ ስታቆም ነው የሚነቃው። ጳጉሜ ላይ እማማን ልንጠይቃቸው ሄድን። ባለቤቴ የመጀመሪያውን ዩኒፎርም ትራፊ ጨርቅ ይዛላቸው ነበር፤ እርሳቸውም ስፌቱን ሊያዩት ስላልቻሉ በአውራ ጣታቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሱት። ስለ እግሩ ነገርኳቸው። "ጭንቅላቷ ደህና ናት?" ብለው ብቻ ጠየቁኝ።

አሁን ማቀዝቀዣችን ማቀዝቀዝ ትቷል። አዲስ ወይስ ያገለገለ የሚለው ጥያቄ እንደገና መጥቷል፤ አልወሰንንም። ባለቤቴ የማቀዝቀዣ በር ጎማ መያዝ አለመያዙ በወረቀት እንደሚታወቅ ከጎረቤት ሰምታለች፤ በሩን ወረቀት ላይ ዘግቶ መሳብ ነው፣ ዝም ብሎ ሾልኮ ከወጣ ጎማው አልቋል። ነገ ቅዳሜ ነው፣ ሁለት ቦታ እንሄዳለን፤ አንዱ አዲስ የሚሸጥበት ሱቅ፣ ሌላው ከአገር የሚወጣ ሰው ቤት። ከደብተሬ ሁለት ገጽ ቀድጄ ኪሴ ከትቻለሁ።