የሞተር ዘር ቆጠራ፦ ከመካነ ሰላም የቀረበ ጥናት

በቦረና ደጋ ሊጋቡ የታሰቡ ወጣቶች ሰባት ቤት ድረስ ዘራቸው ይቆጠራል፤ ከተገናኘ ጋብቻው ይቀራል። በመካነ ሰላም ጋራዥ ያደረግነው ምልከታ ግን በመኪና ዘንድ ሕጉ የተገላቢጦሽ መሆኑን አረጋግጧል። ዘር ካልተገናኘ ጋብቻ የለም።

ለጥናቱ የተመረጠችው ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ ናት። እ.ኤ.አ. በ1979 ገበያ የወጣው ትውልድ ልጅ ስትሆን፣ የተዳረችውም ለ4ኬ ሞተር፣ ለ1290 ሲሲ ነው። መካነ ሰላም 2600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ በሳሳው አየር ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ዲኤክስ ወደ አቀስታ ዳገት ስትወጣ ተሳፋሪ ወርዶ ይገፋታል የሚባለው ሐሜት ነው። ወርዶ ይቀድማታል እንጂ።

ስለዚህ ሞተር ይቀየራል። ከየት? ነገሩ ያልገባው ባለመኪና ዓይኑን ታናሿ ኮሮላ ላይ ይጥላል፤ ስማቸው አንድ ነዋ! ከእ.ኤ.አ. 1983 ወዲህ የመጣችው ኮሮላ ግን ሞተሯን አግድም አስተኝታ በፊት ጎማ የምትሄድ ናት። የዲኤክስ ሞተር ቁመቱን ተዘርግቶ የኋላውን ይነዳል። በስም አንድ መሆን ዘመድ አያደርግም። ዘመድ የተገኘው ማንም ባልጠረጠረው ቤት፣ ላይትኤስ በሚባለው ቫን መቀመጫ ሥር ነው፦ 5ኬ፣ 1486 ሲሲ። የፒስተኑ ምልልስ እንደ 4ኬ ሁሉ 73 ሚሊ ሜትር፤ የሲሊንደሩ ስፋት ብቻ ከ75 ወደ 80.5 አድጓል። ቁመቱ ያው፣ ደረቱ የሰፋ። ከዲኤክስ ካምቢዮም ጋር ብሎን ለብሎን ይገጥማል።

ሥነ ሥርዓቱን በዓይናችን አይተናል። መካኒኩ ሞተሩን በሰንሰለት አንጠልጥሎ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ቀዳዳዎቹን ሲያስተያይ ቆየና ወደ ባለመኪናው ዞሮ «አብሽር ጋሼ፣ የሟች ታናሽ ወንድም ነው» አለ። ሽማግሌ ተልኮ እንዲህ ፈጥኖ እሺታ ያገኘበት ቤት አናውቅም። ታስሮ ሲያልቅ ሁለት ብሎን ተረፈ፤ መካኒኩ ሳይደነግጥ ከቀደሙት ትራፊዎች ጋር ጣሳው ውስጥ ጨመራቸው። (ጣሳው ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ራሱን የቻለ ጥናት ይሻል።)

የሚያስቸግረው ሊብሬው ነው። የሞተር ቁጥር ከሻንሲ ቁጥር ጋር ተጽፎበታልና፣ አዲሱ ሙሽራ ዲክላራሲዮኑን ካላቀረበ ቦሎ ሲታደስ «ይኼ ደግሞ የማነው?» ይባላል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከታገደ ወዲህ ደግሞ ዲኤክስ የማርጀት ፈቃድም ያላት አይመስልም።

ሟች የተባለው 4ኬ በበኩሉ እዚያው ጋራዥ ውስጥ፣ 3ኬ ለያዘች የባሰች አሮጊት ታጭቷል። ቀብድም ተከፍሎበታል።