ባለሞተርና ሒሳቡ፦ ከሲቀላ እስከ ጨንቻ የተደረገ መጠነኛ ጥናት

ለደስታ ብሎ ሞተር የገዛ ሰው እስካሁን አልተገኘም። ይህ ጥናት በአርባ ምንጭ ከተማና ወደ ጨንቻ በሚወጣው መንገድ ላይ ሲካሄድ፣ ቃላቸውን የሰጡ ባለሞተሮች በሙሉ የገዙት «ለሥራ» መሆኑን አረጋግጠዋል። መምህሩ ለሥራ ነው የገዛው፤ ትምህርት ቤቱ ከቤቱ ማዶ ቢሆንም። የእንስሳት ጤና ባለሙያውም ለሥራ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ የሰጠው ሌላ ሞተር ቢኖረውም። ጡረታ የወጡ አንድ አባት ሳይቀሩ ለሥራ እንደገዙ ተናግረው፣ ሥራው ምን እንደሆነ ሲጠየቁ «አይታወቅም፣ ሊመጣ ይችላል» ብለዋል። የሚከተለው ይህ ሥራ የተባለው ነገር ስንት እንደሚያስወጣና ክፍያው በምን እንደሚመለስ ለመመርመር የተደረገ ሙከራ ነው።

አዲስ አበባ ከጥናቱ ውጪ የሆነችው በተመራማሪው ስንፍና አይደለም። ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ በከተማዋ ያለ ልዩ ፈቃድ በሞተር መንቀሳቀስ ስለተከለከለ፣ የመዲናዋ ባለሞተር ወይ ባለፈቃድ ነው ወይ የቀድሞ ባለሞተር። የቀድሞ ባለሞተር ደግሞ ስለ ሞተሩ ክፉ አይናገርምና ለሳይንስ አይሆንም። አርባ ምንጭ የተመረጠችው በአቀማመጧ ነው። ገበያው ታች ሲቀላ፣ መሥሪያ ቤቱ ላይ ሴቻ ስለሆነ ዳገቱን ለመውጣት ምክንያት ያጣ ነዋሪ የለም። ምክንያት ቢያጣ እንኳ ሞተሩን አስነሥቶ በመንገድ ላይ ያስብበታል።

ከግዢ በፊት የሚሠራው ሒሳብ በዘርፉ ትልቁ የጽሑፍ ቅርስ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በደብተር የመጨረሻ ገጽ ላይ፣ ማታ፣ ሚስት እየሰማች ይሠራል። በየቀኑ ለባጃጅ የሚከፈለው ይያዛል፤ በደርሶ መልስ ይባዛል፤ ለምሳ ቤት ደርሶ መመለስም ይታከልበታል፤ ሰውየው እስከዚያች ቀን ድረስ ምሳውን ቤቱ በልቶ የማያውቅ ቢሆንም። ወሩ ሠላሳ ቀን ሙሉ ይቆጠራል፤ እሑድም የሥራ ቀን ነው። ውጤቱ ሞተሯ በአጭር ጊዜ ዋጋዋን እንደምትመልስ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ትርፍ እንደሆነ በማያሻማ ሁኔታ ያሳያል። በወጪ በኩል «ቤንዚን» የሚል አንድ ቃል አለ። ከጎኑ «ትንሽ» ተብሎ ተጽፏል።

ትንሽ የተባለው ቤንዚን የራሱ ታሪክ አለው። መንግሥት የነዳጅ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ማንሳት ሲጀምር፣ በ2014 ዓ.ም. ክረምት፣ አዲስ አበባ ላይ የአንድ ሊትር ዋጋ 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበር። በጥር 2017 ዓ.ም. 100 ብር አልፏል። በደብተሩ ላይ ያለው «ትንሽ» ግን እስካሁን አልተሻሻለም። ክፍያው በቴሌብርና በመሰል ዘዴ ስለሆነ ባለሞተሩ ሰልፍ ላይ ሲቆም ሁለት ነገር ሞልቶ መገኘት አለበት፤ የስልኩ ባትሪና ትዕግሥቱ። ማደያው «የለም» ባለ ቀን ደግሞ ቤንዚን አይጠፋም፤ ቦታ ይቀይራል እንጂ። በመንገድ ዳር፣ በሀይላንድ ኮዳ፣ ፀሐይ እየመታው እንደ ጠጅ ቢጫ ሆኖ ተደርድሮ ይገኛል። በዚህ መንገድ የተገዛ ቤንዚን በሒሳብ አይያዝም፤ «ዛሬ ብቻ ነው» ተብሎ ስለሚገዛ።

መጠኑ የሚለካበት ዘዴም ትኩረት ይሻል። ሞተሯ የነዳጅ መለኪያ አላት፤ አይሠራም፤ ቢሠራም አይታመንም። ባለሞተሩ የታንከሩን ክዳን ይከፍታል፣ ሞተሯን በጉልበቶቹ መካከል አቁሞ ግራና ቀኝ ይወዘውዛታል፣ ጆሮውን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል፣ በመጨረሻም ባንድ ዓይኑ ወደ ውስጥ ያያል። «ታደርሰኛለች» ይላል። ሳታደርሰው ስትቀር ወደ ሪዘርቭ ያዞራታል። ሪዘርቩም ሲያልቅ አስፋልቱ ላይ በጎኗ አስተኝቶ የቀረችውን ጠብታ ወደ ካርቡራተሩ ያንጠባጥባል። ይህ ዘዴ ለሁለተኛ ጊዜ ሲሠራ ያየ የለም፤ ለሁለተኛ ጊዜ ሳይሞክረው ሞተሩን መግፋት የጀመረ ሰውም የለም።

ጥናቱ ረጅሙን ጊዜ ያሳለፈው ጋራዥ ደጃፍ ነው፤ ሞተሮቹም እዚያው ስለነበሩ። ጋራዥ ማለት አንድ የማንጎ ዛፍ፣ በዘይት የጠቆረ መሬት፣ አንድ ሳጥን ቁልፍና «ዐሥር ቁጥር!» ሲባል ዐሥራ ሁለት የሚያቀብል ልጅ ማለት ነው። ምርመራው ሥርዓት አለው። መካኒኩ መጀመሪያ የሚያየው ሞተሯን ሳይሆን ባለቤቷን ነው። ከዚያ ያስነሣታል፣ ነዳጅ ሰጥቶ ያስጮኻታል፣ የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሯ ላይ ተክሎ እጀታውን ጆሮው ላይ ያሳርፋል፣ ዓይኑንም ይጨፍናል። በዙሪያው የቆመው ሰው ሁሉ፣ የራሱ ጉዳይ ባይሆንም፣ ወሬውን ያቋርጣል። ቀጥሎ የሚመጣው ዓረፍተ ነገር በየትኛውም ጋራዥ አንድ ነው፦

«ይቺን ማነው የነካት?»

የነካት እሱ ራሱ መሆኑ ሲነገረው «እኔ ከነካኋት በኋላ ማለቴ ነው» ይላል። ይህ በቂ መልስ ሆኖ ተመዝግቧል።

ከዚያ ካንዴላዋ ትፈታለች። በዚህ ሙያ ውስጥ እውነት የምትናገር ብቸኛ ዕቃ ካንዴላ ናት። ጫፏ ቡናማ ከሆነ ሁሉ ሰላም ነው። ከነጣ ቤንዚኑ አንሶ ሞተሯ ከልክ በላይ እየጋለች ነው። ደረቅ ጥላሸት ከያዘች ቤንዚኑ በዝቷል። ጠቁራ በዘይት ከራሰች ግን የፒስተኑ ፋሻ አልቋልና፣ መካኒኩ ምንም ከመናገሩ በፊት ለባለሞተሩ ዱካ ያቀርብለታል።

መለዋወጫ በሦስት ይከፈላል፦ ኦርጂናል፣ እንደ ኦርጂናል፣ ለጊዜው የሚያሠራ። ኦርጂናል የሚባለው ዋጋው የታወቀ፣ መልኩ ግን ያልታወቀ ዕቃ ነው። ከተማዋ የምትንቀሳቀሰው በሦስተኛው ነው። ቦክሰር ከሚባሉት ሞተሮች አንዳንዶቹ ለጊዜው መሥራት ከጀመሩ ዓመታት አልፈዋል። ሁሉ ተገጥሞ ካበቃ በኋላ ደግሞ መሬት ላይ አንድ ቡሎን ይተርፋል። መካኒኩ ያነሣዋል፣ አገላብጦ ያየዋል፣ ኪሱ ይከተዋል። «ይሄ የሷ አይደለም።» ባለሞተሩም የማን እንደሆነ አይጠይቅም፤ ሞተሯ ተነሥታለቻ!

እዚህ ላይ አንድ የማይጣጣም መረጃ አለ። ሞተሯ የምትፈልገው ዘይት አንድ ሊትር ገደማ ነው። ይህን ሊትር በጊዜው ለመቀየር ገንዘብ ያጠረው ባለሞተር፣ በዚያው ሳምንት ለወንበሯ ቀይ ልብስ አሰፍቶላታል፤ እጀታዋ ላይም ዘርፍ አንጠልጥሎላታል። ዘርፉ ለሥራው ያለው አስተዋጽኦ ምን እንደሆነ ሲጠየቅ፣ ንፋሱ ከየት እንደሚነፍስ ያመለክታል ብሏል።

ከባዱ ወጪ ግን በጋራዥ አይከፈልም። ሞተር የገዛ ሰው ለራሱ ብቻ እንዳልገዛ የሚያውቀው በማግስቱ ነው። «አንዴ ደርሼ ልምጣ» የሚል ዘመድ ይመጣል። የለችም እንዳይለው በር ላይ ቆማለች፤ ተበላሽታለች እንዳይለው አሁን ሲጠርጋት አይቶታል። ስትመለስ ታንከሯ ደርቆ፣ ማርሿ ጠንክሮ፣ ተዋሹም «ፍሪሲዮኗን አሳያት፣ ትንሽ ትይዛለች» የሚል ምክር ጨምሮ ነው። ጭነትን በተመለከተ የማይጫን ነገር አልተገኘም። ከላንቴና ከጫኖ የሚመጣ የሙዝ ዘለላ ነጂውን እስኪሸፍነው ይጫናል፤ ከሩቅ የሚታየው ራሱን ችሎ የሚሄድ ሙዝ ነው። በበዓል ዋዜማ ዶሮዎች እጀታው ላይ ተዘቅዝቀው ይሄዳሉ። በግ በነጂውና በተሳፋሪው መካከል ይቀመጣል፤ ከሦስቱም የተረጋጋው እሱ ነው። ትልቁ ፈተና አማት ናቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በጎን ተቀምጠው፣ መንገዱን በሙሉ «ቀስ በል ልጄ፣ ቀስ» ይላሉ። ሲወርዱ ደግሞ «ይቺ ነገር ፈጣን ናት ሲሉ ሰምቼ ነበር» ይላሉ።

ሰነድን በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። ሊብሬ አለ፤ በሕግ ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን አለ፤ በየዓመቱ ተመርምሮ የሚለጠፈው ቦሎ አለ። የምርመራው ዋዜማ ለጉርብትና መልካም ቀን ነው፤ ስፖኪዮ ያለው ለሌለው ያውሳል፣ ክላክስ ያለውም እንዲሁ። ሄልሜት ባለሞተሩ ሁሉ አለው። ትራፊክ ፖሊስ እስኪታይ ድረስ ክንድ ላይ ስለሚንጠለጠል፣ ክርንን ከአደጋ በመጠበቅ ረገድ ውጤታማነቱ ተረጋግጧል።

አሁን ወደ ገቢው እንምጣ። ለዚህ የተመረጠው ማሳያ የጨንቻ ጉዞ ነው። ባለሞተሩ እሑድ ጠዋት ወደ ጨንቻ የሚወጣው ፖም ለመግዛት ነው፤ እዚያ ይረክሳል። ፖሙ ሲቀላም ይሸጣል፤ ግን ባንድ ኪሎ ላይ ልዩነት አለ፤ ልዩነት ደግሞ ቁጠባ ነው። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል 1,300 ሜትር ገደማ፣ ጨንቻ ከ2,700 በላይ ናት። ሽቅብ ሲወጣ አየሩ እየሳሳ፣ ካርቡራተሩ ግን ቤንዚኑን በቆላው ልክ እየሰጠ ይሄዳል፤ ስለዚህ ሞተሯ ታፍናለች፣ ጥቁር ጭስ ትተፋለች፣ ከአራተኛ ወደ ሦስተኛ፣ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ትወርዳለች። ከኋላ የተቀመጠው ጓደኛ «እስቲ ውረድና በእግርህ ተከተለኝ» ይባላል። ጃኬቱ ከፊት ወደ ኋላ ተገልብጦ ይለበሳል፤ ደረት ላይ ካርቶን ይገባል። ብርድ ይመታሃል ያሉት እናት ትክክል ነበሩ፤ ይህም አይነገራቸውም።

መልሱ ቁልቁለት ነው። ዶርዜን አልፎ፣ ቀርከሃው ሲያልቅ፣ ባለሞተሩ «ቤንዚን ልቆጥብ» ብሎ ሞተሯን ያጠፋታል። ፍሬን ላለባት ሞተር እንኳ የማይመከር ነገር ነው። ድምፁ ሲጠፋ የጎማው ሽውታ ብቻ ይቀራል። ከመታጠፊያው በኋላ ዐባያ ሐይቅ ቀላ ብሎ፣ ጫሞ ከወዲያ ነጣ ብሎ፣ በመካከላቸውም የእግዜር ድልድይ የሚባለው ኮረብታ ባንድ ጊዜ ይገለጣሉ። አየሩ በየመታጠፊያው ይሞቃል። ፌስታሉ ውስጥ ፖሙ ይንገጫገጫል። ሲቀላ ሲደርስ ምን ተሰምቶት እንደነበር የተጠየቀው ባለሞተር «ምንም፤ ፍሬኗን እየሞከርኩ ነበር» ሲል መልሷል። ይሁን እንጂ በፊት ጥርሶቹ ላይ የተገኙት ትንኞች በጉዞው ወቅት አፉ ተከፍቶ እንደነበር ያስረዳሉ። ለመጮህ ይሁን ለመሣቅ ትንኞቹ አይለዩም፤ ከኋላው የነበረው ጓደኛው ግን ይዘፍን ነበር ብሎ መስክሯል። ይህ ገቢ በደብተሩ ውስጥ መስመር ስላልተሠራለት «ፖም፣ አንድ ኪሎ» በሚለው ሥር ተመዝግቧል።

የደብተሩ ባለቤት ከሁሉም ወገን ተሸናፊ በሆነበት ሰዓት ከማይጠበቅ አቅጣጫ ረዳት መጣለት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ፤ ከውጭ የሚገባ ነገር ሁሉ ዋጋው ተሰቀለ። ፋሻዋ ሁለት ጊዜ የተቀየረላት፣ ማርሚታዋ በሽቦ የታሰረች ቦክሰር፣ አዲስ ሆና ከተገዛችበት በላይ ተጠየቀችበት። ባለሞተሩ ደብተሩን አወጣ። ሚስቱም የራሷን አወጣች፤ እሷም ስትጽፍ መኖሯ የታወቀው ያን ጊዜ ነው። ቤንዚኑ፣ ካንዴላው፣ ጎሚስታው፣ ቀዩ የወንበር ልብስ፣ ለመካኒኩ ልጅ የተሰጠው ጉርሻ ሳይቀር በቀን በቀኑ ተጽፏል። እሱ ግን ሁለት ቁጥር ብቻ ነበር ያሰመረው፦ የተገዛችበትንና የምትሸጥበትን። «እንግዲህ አተረፍን» አለ።

ገዢው መጥቶ ሞተሯን ዞር ዞር ብሎ ካያት በኋላ፣ ግራና ቀኝ ወዘወዛትና ታንከሯን አዳመጠ። ዋጋው ላይም ተስማሙ። ስፖኪዮዎቹ የጎረቤት ስለሆኑ በሽያጩ አይካተቱም።