አያት ሲመረጥ

ጡረታ የወጣ አሜሪካዊ ፈጣን ኢንተርኔት ካገኘ ብዙም ሳይቆይ ሙት መቀስቀሱ አይቀርም። መቃብር አይቆፍርም፤ ክሬዲት ካርድ ይበቃዋል። የኒውዮርኩ ኤሊስ ደሴት እ.ኤ.አ. ከ1892 እስከ 1954 ድረስ 12 ሚሊዮን ያህል ስደተኛ አስተናግዷል። የተሳፋሪዎቹ መዝገብ በ2001 ኢንተርኔት ላይ ሲለቀቅ ታዲያ ፈላጊው ከመብዛቱ የተነሳ ድረ ገጹ መተንፈሻ አጣ። ሟቾቹ ሲገቡ በወረፋ ነበር፤ ሲፈለጉም በወረፋ ሆነ።

ፈላጊው የሚፈልገው ግን የተገኘውን አያት ሁሉ አይደለም። አንድ ባሮን ቢገኝለት ይመርጣል። መዝገቡ ደግሞ ይሉኝታ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ከ1903 በኋላ የተሞላውን ቅጽ ለተመለከተ፣ ከስምና ከሥራ ቀጥሎ የተደረደረው ጥያቄ ይህ ነው፦ ቲኬቱን ማን ከፈለልህ? በእጅህ ስንት አለ? ታስረህ ታውቃለህ? ከአንድ በላይ ሚስት አለህ? አናርኪስት ነህ? (እስቲ የትኛው አናርኪስት ነው «አዎን ጌታዬ» የሚለው?) ባሮን ፍለጋ የገባው የልጅ ልጅም «የቀን ሠራተኛ፣ ቲኬቱን ወንድሙ የከፈለለት» ከሚል መስመር ጋር ይፋጠጣል።

ሰበብ የሚመጣው ያኔ ነው። «የኛ ስም ትልቅ ስም ነበር፤ ኤሊስ ደሴት ላይ አንድ ሰነፍ ጸሐፊ ቆርጦ ጣለው» ይባላል። የተሳፋሪዎቹን ዝርዝር የሚያዘጋጀው ግን የመርከብ ድርጅቱ ነበር፤ ያውም ከመነሻው ወደብ። የደሴቱ ሠራተኛ ሥራ የቀረበለትን ዝርዝር ይዞ ሰውየውን መጠየቅ ነው። ስሙን የቀየረው ብዙውን ጊዜ አያትየው ራሱ ነው፤ ሥራ ሲፈልግ። ኃጢአቱን ግን ጸሐፊው ተሸክሞ ይኖራል።

ከሁሉ የሚያስቀው የአኒ ሙር ጉዳይ ነው። ደሴቱ ጃንዋሪ 1 ቀን 1892 ሲከፈት መጀመሪያ የተመዘገበችው ይህች የአየርላንድ ልጅ ናት። ሁለት ታናናሽ ወንድሞቿን አስከትላ መጥታ የ10 ዶላር ወርቅ ተሸለመች። ዕለቱ 15ኛ የልደት በዓሏ ነው ተብሎም ተወራ። ልጅቱ ግን 17 ዓመቷ ነበር፤ የተወለደችውም በጸደይ ነው። ከዚያ ታሪኳ ወደ ምዕራብ ተሻገረ፦ ቴክሳስ ገብታ፣ ወግ ማዕረግ አይታ፣ በ1923 የከተማ ባቡር ገጭቷት ሞተች ተባለ። የቴክሳሷ ሴት ዘሮች በየክብረ በዓሉ የክብር እንግዳ ሆኑ። ሜገን ስሞለንያክ የተባለች የዘር ሐረግ አጥኚ መዝገብ ብታገላብጥ የቴክሳሷ አኒ የተወለደችው እዚያው አሜሪካ፣ ኢሊኖይ ሆኖ ተገኘ። ባሕር ያልተሻገረች ስደተኛ! አጥኚዋ በ2006 ትክክለኛዋን ላገኘ 1,000 ዶላር እሸልማለሁ ብላ ለፈፈች፤ በሳምንታት ውስጥም ተገኘች። አኒ የትም አልሄደችም። እዚያው ኒውዮርክ፣ ደሃ ሰፈር ውስጥ፣ የዓሣ ገበያ ሠራተኛ አግብታ፣ ከወለደቻቸው ግማሽ ያህሉን ቀብራ፣ በ1924 አረፈች። ኩዊንስ ውስጥ የተቀበረችበት ቦታ የስም ድንጋይ እንኳ አልነበረውም። ሐውልት ግን በአየርላንድም በኤሊስ ደሴትም ቆሞላት ነበር። የቴክሳሱ ኑሮ ለንግግር ሳያመች አልቀረም።

እኛ ሰባት ቤት በጣታችን የምንቆጥረው በዚህ ስቀን ልናልፍ ፈለግን። ነገር ግን ቨርጂኒያ ውስጥ ቡና የሚጠጡ አንድ ጋሼ ምራቃቸውን በፖስታ ልከው ያሠሩትን ዲኤንኤ በስልካቸው አሳዩኝ፤ «ኢትዮጵያና ኤርትራ» ይላል። ጋሼ ተናደዋል። «ይኼንን ለማወቅ ነው ገንዘቤን ያስበሉኝ? ደጃዝማቹ የታሉ?» አሉኝ። ልብ ብዬ ሳየው እዚያ ቡና ቤት የደጃዝማች ዘር ያልሆነ የለም። የደጃዝማቹን በቅሎ ይስቡ የነበሩት ሁሉ ዘር ሳይተኩ አልቀዋል መሰለኝ።

መጪውን ትውልድ ሳስበው ነው የማዝነው። የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ዝርዝር ለሕዝብ የሚገለጠው ከ72 ዓመት በኋላ ነው፤ የ1950ው በ2022 ተከፈተ፣ የ2020ው ደግሞ 2092ን ይጠብቃል። ያን ጊዜ አንድ የልጅ ልጅ ልጅ አማርኛ የማያውቅ፣ ክሬዲት ካርድ ያለው፣ ይገባበታል። አባት በአያት ስም፣ እናት በአባቷ ስም፣ ልጆች በአባታቸው ስም ተጠርተው፣ አንድ ቤት ውስጥ ሦስት ዓይነት «የቤተሰብ ስም» ያገኛል፤ ደባል ተከራዮች ናቸው ብሎ ያልፋቸዋል። ጋሼ ደግሞ የተወለዱት ጃንዋሪ 1 ነው። ሱዳን ካምፕ ቅጽ የሞላላቸው ሰው የልደት ቀን ሲጠይቃቸው «ታላቅ እህቴ በተዳረች በዓመቱ» ብለውት ነበርና፣ የሚመቸውን ቀን ጻፈላቸው። ጎረቤታቸውም ጃንዋሪ 1። የጎረቤታቸው አማችም እንዲሁ። ልጁ ግራ ሲገባው ባለሙያ ይቀጥራል፤ ባለሙያውም መዝገቡን መርምሮ ሦስቱም መንትዮች መሆናቸውን ያረጋግጥለታል። ደጃዝማች ከተፈለገ ግን ተጨማሪ ክፍያ አለው።