ኧረ ኳሱን እንይበት!

የታዳጊዎች ውድድር በመጣ ቁጥር ያው ነው። መዝሙሩ ተዘምሮ ሳያልቅ፣ ካሜራው በልጆቹ ፊት ላይ እያለፈ ሳለ፣ ከኋላችን የተቀመጠ አንድ ሰው "ይሄስ ሦስት ልጅ ሳይኖረው አይቀርም" ይላል። ይሳቃል። ከዚያ ወደ ጢሙ፣ ከጢሙ ወደ ግንባሩ። ሃያ ደቂቃ ሲሞላ ማን ለማን እንዳቀበለ የሚያውቅ የለም። ቀልዱ እንኳ ቢታደስ ምን ነበረበት!

ይበልጥ የሚያናድደው ደግሞ ሰውዬው አንዳንዴ ልክ መሆኑ ነው። የካሜሩንን ከ17 ዓመት በታች ቡድን አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ2023 መግቢያ ላይ፣ ለአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ሲዘጋጅ፣ በሳሙኤል ኤቶ የሚመራው ፌዴሬሽን ልጆቹን በኤምአርአይ አስመረመረ። ከ30ው 21ዱ ወደቁ። ሌሎች ተተኩና ቡድኑ ማጣሪያውን አለፈ። እሰየው! ግን እነዚያ የተተኩት ልጆች እስከዚያ ድረስ የት ነበሩ? እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ዕድሜውን የቀነሰ ጎረምሳ በተሰለፈ ቁጥር ቤቱ የቀረ አንድ የ16 ዓመት ልጅ አለ። ስለ እሱ ማንም አይቀልድም፤ ማንም አያውቀውማ።

ምርመራውም ቢሆን ሁሉን አይፈታም። ፊፋ እ.ኤ.አ. በ2009 ናይጄሪያ ባስተናገደችው ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ የጀመረው ይህ ምርመራ የእጅ አንጓን አጥንት ያያል፤ አጥንቱ የሚያድግበት ክፍል ሙሉ በሙሉ ከገጠመ ልጁ 17 ዓመት አልፎታል ይባላል። ከ20 ዓመት በታች ላሉት ግን አይሠራም፤ በዚያ ዕድሜ የብዙው ሰው አጥንት ገጥሟል። ስለዚህ የሚታመነው ወረቀት ነው።

ወረቀቱማ! እኛ አገር የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ነው። ዛሬ 17 ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ልጅ ሲወለድ መዝገቡ ገና አልተከፈተም ነበር። እናቱን ብትጠይቋት "የመስቀል ሰሞን" ትላለች፤ ዓመቱን ደግሞ ከታላቁና ከታናሹ መሃል ፈልጉት። እሱ ተገኘ ቢባል እንኳ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር መለወጡ አለ። ሰባት ይደመር ወይስ ስምንት? ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ፊፋ የዕድሜ ገደቡን የሚቆርጠው ጃንዋሪ 1 ላይ ነው። ጥር ላይ የተወለደውን ሰባት ብቻ ደምሮ የጻፈ ጸሐፊ ልጁን በአንድ ዓመት ያስረጀዋል፤ ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ የተወለደውን ስምንት የደመረ ደግሞ ሳያስበው አጭበርባሪ ያደርገዋል።

ሌላም የሰለቸኝ ክርክር አለ። "እነዚህ በታዳጊነታቸው ዋንጫ ያነሱ አፍሪካውያን ኋላ የት ገቡ? ያኔም ትልልቅ ሰዎች ስለነበሩ ነው" የሚለው። ናይጄሪያ ከ17 ዓመት በታች አምስት ጊዜ የዓለም ዋንጫ ስለወሰደች ይህ ወሬ እሷ ላይ ይበረታል። እንግዲህ ቪክቶር ኦሲምሄን እ.ኤ.አ. በ2015 አሥር ጎል አግብቶ ከዚያው ውድድር የወጣ ነው፤ የት እንደደረሰ እናውቃለን። በአንጻሩ ፈረንሳዊው ፍሎረንት ሲናማ ፖንጎል እ.ኤ.አ. በ2001 ዘጠኝ ጎል አስቆጥሮ ኮከብ ተባለ፣ ሊቨርፑል ገባ፣ የተጠበቀውን ያህል ሳይሆን ቀረ። የልደት ሰርተፍኬቱን አምጣ ያለው ሰው ነበር? ልጅ ሆኖ ጎበዝ የነበረ ሁሉ ጎልማሳ ሆኖ ጎበዝ አይሆንም። ይሄን ለማወቅ ኤምአርአይ አያስፈልግም።

ስለ ፌዴሬሽኖች ብዙ ማለት አልፈልግም፤ ደክሞኛል። ቡድኑ ውድድሩ ሲቃረብ ተለቃቅሞ ይሰበሰባል፣ ይሸነፋል፣ "ልምድ ቀስመን ተመልሰናል" ይባላል። እኛ በ1993 ዓ.ም. የአፍሪካን የወጣቶች ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ አዘጋጅተን አራተኛ ወጣን፤ በዚያው ዓመት አርጀንቲና ለዓለም ዋንጫ ሄድን። ከኔዘርላንድስ፣ ከኮስታሪካና ከኢኳዶር ጋር ተመድበን ሦስቱንም ተሸንፈን መጣን። መሸነፉ ነውር የለውም። ግን ያ የተቀሰመው ልምድ የማን መሳቢያ ውስጥ ነው የተቆለፈበት? ወንዶቹ ከ20 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ ከዚያ ወዲህ አልታዩም።

አሰልጣኙንም አልፈርድበትም። ስለ ነገ ተጫዋች የሚጠይቀው የለም፤ ቅዳሜ ከተሸነፈ ግን ሰኞ ይባረራል። በዚህ መሃል ጠንካራ ጎረምሳ ሲመጣለት ዕድሜውን አጥብቆ የሚጠይቅበት ምን ምክንያት አለው?

አሁን ደግሞ ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫው በየሁለት ዓመቱ መሆኑ ቀርቶ በየዓመቱ ሆኗል፤ እ.ኤ.አ. ከ2025 እስከ 2029 ኳታር ላይ፣ በ48 ቡድኖች። ለአፍሪካ አሥር ቦታ ተሰጥቷል። ጭቅጭቁም በየዓመቱ ሊሆን ነው ማለት ነው። እባካችሁ፣ የክለብና የፌዴሬሽን ሰዎች፣ ልጁን ለብሔራዊ ቡድን በተፈለገ ጊዜ ሳይሆን ገና በ12 ዓመቱ፣ የሰፈር ውድድር ላይ ሳለ መዝግቡልን።