የበረንዳ መሬት ስሪት፦ በአንዲት ድመትና በጥቂት ጀሪካኖች ላይ የተደረገ ጥናት

የአገራችንን የመሬት ስሪት ያጠኑ ሊቃውንት ርስትን፣ ጉልትን፣ ማደሪያንና ሰሞንን አንድ ሳያስቀሩ መርምረዋል። የኮንዶሚኒየም በረንዳን ግን ዞር ብሎ ያየው የለም። ይህ ጽሑፍ ክፍተቱን ለመሙላት ቀርቧል።

የጥናቱ ሥፍራ አዲስ አበባ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለ በረንዳ ነው፤ ፍራሽ ቢዘረጋበት መርገጫ አይተርፍም። አፋቸው የተቆረጠ የዘይት ጀሪካኖችና አንድ የቀለም ባልዲ ተደርድረውበታል። ሰብሉ ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ የጥብስ ቅጠልና ቆስጣ ነው። የናሙናው ብዛት አንዲት ድመት፣ ስሟ ውሮ። ለጥናቱ ፈቃደኛ መሆኗ ሲጠየቅ ጀርባዋን ሰጥታለች፤ ዝምታ እንደ ፈቃድ ስለሚቆጠር ሥራው ቀጥሏል።

በተለምዶው አስተሳሰብ ባለይዞታው ካርታው ላይ ስሙ የሰፈረው ሰው ነው። ይህ አይጸናም። ተማሪው «መሬት ላራሹ» እያለ አደባባይ የወጣው በ1957 ዓ.ም. ነው፤ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ደግሞ የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። እንግዲህ በዚህ በረንዳ ላይ አራሹ ማነው? ባለካርታው ዘሩን በጣቱ ሰካ ሰካ አድርጎ፣ ውሃ አርከፍክፎ፣ ቡናውን ሊጠጣ ይገባል። ውሮ ግን አፈሩን በሁለት እጇ እስከ ታች ትገለብጣለች፤ ጓሉን ታደቅቃለች፤ ማዳበሪያውንም ከራሷ አውጥታ፣ አፈር አልብሳ ትሄዳለች። ዩሪያ ፍለጋ ወረፋ ስትይዝ አልታየችም።

የታሪክ ማስረጃውም ለእሷ ያደላል። የቤት ድመት የዘር ሐረግ የሚመዘዘው ከመካከለኛው ምሥራቅ የዱር ድመት ነው፤ ከሰው ጋር የተጠጋችውም ገበሬው እህል ማከማቸት ጀምሮ አይጥ በጎተራው ሲሰባሰብ ነው። ቆጵሮስ ውስጥ 9,500 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ መቃብር ተቆፍሮ ሰውና ድመት አጠገብ ለአጠገብ ተቀብረው ተገኝተዋል። ደረቅና ልል አፈር የምትመርጠውም ያ የበረሃ ዘመዷ ያወረሳት ዓመል ስለሆነ ነው ይባላል። የሚዘራ ሰው ደግሞ መጀመሪያ የሚያደርገው አፈሩን ማላላት ነው። (በነገራችን ላይ በፈረንጅ አገር «አቢሲኒያ» የምትባል ውድ የድመት ዝርያ አለች። የዘር መርማሪዎች መነሻዋን የሚፈልጉት በሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ነው። ስማችንን የያዘችው እዚያ በትራስ ላይ ትተኛለች፤ የእኛዋ በቆስጣ ላይ።)

የቆስጣው ጉዳይ ራሱን የቻለ ችግር ነው። አንድ ጀሪካን የምታርስ፣ አንድ ባልዲ የምትተኛበት፣ በሶብላውን ደግሞ ርግብ ለማድባት የያዘች ፍጡር ትርፍ ቤትን በወረሰው አዋጅ መንፈስ ልትጠየቅ ይገባት ነበር። የሚጠይቃት አልተገኘም።

ከይዞታዋ ለማፈናቀል የተሞከሩት ዘዴዎች አጭር ታሪክ አላቸው። ጎረቤታችን፣ በዕድሜም በልምድም የሚበልጡን እናት፣ «ልጄ፣ እሾህ ጣልበት» ብለው መከሩ። እሾህ ተጣለ፤ ውሮ እሾህ ወደሌለበት ጀሪካን ተዛወረች። ጤና አዳሙ በመሀል ተተከለ፤ አሸተተችው፣ ፊቷን አኮማተረች፣ ከሽታው ራቅ ያለውን አፈር ቆፈረች። «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» የሚለው የቀደምት ጥናት ውጤት በዚህ ምርመራም ተረጋግጧል። ቡና አተላ ይበተን የሚሉም አሉ፤ ካፌይን ድመትን ስለሚመርዝ ሐሳቡ ውድቅ ሆኗል። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም ከበላቻቸው ቀይ የደም ሴሏን ያፈርሳሉ። ሊሊ አበባ ከሁሉ ይከፋል፤ ኩላሊቷን ይገድላል፤ በረንዳው ላይ ጨርሶ አይግባ።

ባለካርታው ራሱን ይጠብቅ ዘንድም አንድ ነገር ይታወቅ። ድመት የተጸዳዳችበት አፈር ቶክሶፕላዝማ የተባለ ጥገኛ ተሕዋስ ሊኖረው ይችላል። ነፍሰ ጡር ሴት ያንን አፈር ባትነካ ይመረጣል፤ ሌላውም በጓንት ይሥራ፣ ቆስጣውን ደህና አድርጎ ይጠብ።

በቀረበው ማስረጃ መሠረት የሚከተለው ተወስኗል። አሸዋ የተሞላ አንድ ሰፋ ያለ ሳፋ በበረንዳው ጥግ ለውሮ በቋሚነት ይሰጣት፤ በየቀኑም ይጽዳ። የቀሩት ጀሪካኖች አፈር በጠጠር ይሸፈን። የቆስጣው ባልዲ በይዞታዋ ሥር ይቆያል፤ ባለካርታው ካሳ አይጠይቅም፤ ቆስጣ ካማረውም ከጉሊት ይግዛ።