ሊፍት በግቢ፣ ጭቃ በደጅ

መኪናን ከመሬት ማንሳት ድሮ የመካኒክ ሥራ ነበር፤ ዘንድሮ የባለመኪናው ምኞት ሆኗል። ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ሰበታ፣ ቡራዩ ወይም ሱሉልታ ላይ ቤት የሠራ ሰው አጥሩን ከጨረሰ፣ የብረት በሩን ካስቀባ፣ ሮቶውን ከሰቀለና ጄኔሬተሩን ሰርቪስ ቤቱ ጀርባ ከሸጎጠ በኋላ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ግቢውን ይቃኛል። ምን ቀረ? ዓይኑ ጋራዡ ላይ ያርፋል። መኪናዋ እንደማንም መኪና በአራት ጎማዋ መሬት ላይ ቆማለች። ይሄማ አይሆንም።

ለምኞቱ ምክንያት አያጣም። መኪና ለማስፈተሽ ከቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ከሰበታ በጅማ መንገድ፣ ከሱሉልታ በጎጃም መንገድ እየተጋፉ ከተማ መግባት አለ። ጋራዥ በር ላይ ተራ መጠበቅ አለ። ማታ ቤት ገብቶ "ደህናውን ቦኮላ አውጥተው አሮጌውን ገጥመውልኝ ይሆን?" እያሉ ሲገላበጡ ማደር አለ። "የገዛ መኪናዬን ሆድ በገዛ ዓይኔ ልየው" ያለ ሰው አይፈረድበትም። ሆዷም ቢሆን መታየት ይገባዋል፤ ከአስፋልቱ ታጥፎ እስከ በሩ የሚያደርሰው ኮረኮንች በየክረምቱ አሞርዛተር ይበላል፣ ማርሚታ ይነቅላል፣ የሞተሩን ታች በድንጋይ ይፍቃል።

ይህን ሁሉ ጉድ የሚሠራው መንገዱ መሆኑን ሰውየው በደንብ ያውቃል። እውቀቱ ግን ወደ መንገዱ አይወስደውም፤ ወደ ሊፍት ሻጭ ይወስደዋል።

ምርጫው የሚጀመረው ስልክ ላይ ነው። ማታ ማታ ቤተሰቡ ሲተኛ ሰውየው በዩቲዩብ የአንድ ፈረንጅ ጋራዥ ውስጥ ይገባል። ፈረንጁ ቁልፍ ይጫናል፤ መኪናዋ ሽቅብ ትነሳለች፤ ወለሉ ላይ እንጀራ ቢወድቅ አንስተው ይበሉታል። በሳምንቱ ሰውየው ባለሙያ ነው። ሁለት ምሰሶ ያለው ሊፍት መኪናዋን በአራት ክንዶቹ ከስሯ ይዞ ጎማዎቿን አንጠልጥሎ ስለሚተው ለፍሬንና ለአሞርዛተር ሥራ እንደሚመች ይነግርሃል። አራት ምሰሶ ያለው መኪና እየተነዳ የሚወጣበት ስለሆነ እንደማይነቃነቅ፣ ከሥሩም ሌላ መኪና እንደሚያስቆም ያስረዳሃል። እንደ መቀስ የሚከፈተው ደግሞ ዝቅተኛ ጣሪያ ላለው ቤት እንደሚሆን፣ ግን መሃሉ ስለሚዘጋ ከሥሩ ለመሥራት እንደሚያስቸግር ያውቃል። ሦስቱንም ለይቶ ያውቅና ለእሱ ቤት የማይሆነውን ይመርጣል።

ይህን መሣሪያ ለዓለም ያስተዋወቀው ፒተር ሉናቲ የተባለ የአሜሪካ ሜምፊስ ከተማ መካኒክ ነው፤ የፈጠራ መብቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1925 ነው። ሐሳቡ የመጣለት ጸጉር ቤት ተቀምጦ፣ ወንበሩ በዘይት ግፊት ከፍ ዝቅ ሲል አይቶ ነው ይባላል። የኛም ሰው ጸጉር ቤት ይሄዳል። ከዚያ ይዞ የሚመለሰው ግን "እገሌ ግቢው ውስጥ ሊፍት አስተከለ" የሚለውን ወሬ ነው፤ ይህም እንደ ሐሳብ ይቆጠራል።

ሻጩ ዘንድ ሲደርስ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው።

"ስንት ቶን ያነሳል?"

"አራት ቶን።"

ፊቱ ይበራል። ቤቱ የቆመችው ቪትዝ አንድ ቶን ገደማ ናት። ግን ነገ ወደ ሦስት ቶን የምትጠጋ ቪ8 ብትገዛስ? ሰው ለሌለው መኪና አስቀድሞ ክንድ ይገዛል። ያልጠየቀው ጥያቄ የሊፍቱ ቁመት ነው። ባለ ሁለት ምሰሶ ሊፍት ብዙውን ጊዜ ከ3.5 ሜትር የበለጠ የጣሪያ ከፍታ ይፈልጋል፤ የኛ ቤት ኮርኒስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ሜትር ሳይሞላ ያበቃል። ቡራዩ ላይ እንዲህ ያለ ሊፍት ከጭነት መኪና ከወረደ በኋላ ነው ሜትር የሚዘረጋው። ቤቱ ጂ ፕላስ ዋን ነው፤ ከጋራዡ በላይ ያለው ሳሎን ነው።

"ኮርኒሱን ትንሽ ብንበሳው?" ይላል ባል።

"እና መኪናዋ ሶፋው አጠገብ ልትወጣ ነው?" ትላለች ሚስት።

ጉዳዩ እዚያ ላይ ያበቃ ይመስላል፤ አያበቃም። ሊፍቱ ከጋራዡ ወጥቶ ግቢው ውስጥ እንዲተከል ይወሰናል። የቡራዩ ግቢ ደግሞ ከዳገት ላይ ተቆርጦ የወጣ ነው፤ ውሃ ቢደፋ በደቂቃ ጎረቤት ግቢ ይደርሳል። ሊፍት ደልዳላ ወለል ይፈልጋል። ስለዚህ ግቢው ይቆፈራል፣ ይደለደላል፣ ድጋፍ ግንብ ይሠራለታል። ለአንዲት ቪትዝ ሆድ ሲባል ተራራ ይታረሳል።

ሱሉልታ ላይ ችግሩ ከላይ አይመጣም፤ ከታች ነው። እዚያ ሜዳው ጥቁር አፈር ነው። ዋልካ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ቤት የሠራ ሁሉ ይህን በገዛ ግድግዳው ስንጥቅ ተምሯል። አንዳንዱ "ሊፍት ምን ያደርጋል፣ እንደ ድሮው ጉድጓድ ቆፍሬ ከሥር እገባለሁ" ብሎ ነበር። ቆፈረ፤ በሲሚንቶ ለሰነ፤ ለሁለት ወር ተደሰተበት። ሐምሌ ሲገባ ጉድጓዱ የእንቁራሪቶች ኮሌጅ ሆነ፤ እስከ መስከረም ድረስም በማታው ክፍለ ጊዜ ሳይቀር ትምህርት አልተቋረጠም።

ስለዚህ ሊፍት። ባለ ሁለት ምሰሶው መኪናዋን የሚሸከመው በጉልበቱ ብቻ አይደለም፤ ምሰሶዎቹ ወለሉን በቡሎን ነክሰው ነው የሚቆሙት። ወለሉ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር የወፈረ ጠንካራ ኮንክሪት መሆን አለበት፤ እንደ ሊፍቱ ዓይነትም ከዚያ ይበልጣል። ድንጋይ ተነጥፎ በላዩ ላይ በስሱ ተለስኖ ሴራሚክ የተለጠፈበት ወለል ይህን አይችልም። ቡሎኑን የሚይዘው ኮንክሪቱ ነው፤ ኮንክሪቱን የሚይዘው አፈሩ ነው፤ አፈሩን የሚይዘው ግን በሱሉልታ ክረምት ማንም የለም። ዋልካው ተጠርጎ ወጥቶ በጥሩ ገረጋንቲ ተሞልቶ ካልተደመደመ በቀር አንደኛው ምሰሶ ወደ እንጦጦ፣ ሌላው ወደ ጫንጮ ያዘነብላል።

እዚህ ላይ "ኢንጂነር" የሚባለው ሰው ይገባል። ኢንጂነር ማለት በግንባታ ቦታ ላይ ንጹሕ ጫማ ያደረገ ሰው ሁሉ ነው።

"ሲ-25 ኮንክሪት ነው የተሞላው?" ይላል ባለቤቱ፤ ቃሉን ከዩቲዩብ ያገኘው ነው።

"ከሲ-25ም ይበልጣል፣ ጋሼ። በእጄ ነው የደባለቅኩት።"

"28 ቀን ይቆይ ይላሉ እኮ።"

"እሱ ለፈረንጅ አገር ነው፣ ጋሼ። እዚህ ፀሐይ አለ። በሦስት ቀን ድንጋይ ይሆናል።"

ኮንክሪት የተሰላለትን ጥንካሬ በ28 ቀን ነው ብሎ የሚለካው የዓለም ምህንድስና ሱሉልታን አላየም ማለት ነው። የሱሉልታ ፀሐይ ግን ሯጮች በማለዳ ጃኬት ለብሰው የሚወጡላት ፀሐይ ናት። ኮንክሪትም በመድረቅ አይጠነክርም፤ ውሃ እየጠጣ ነው የሚጠነክረው። በሦስተኛው ቀን ቡሎኑ ተመታ። በአራተኛው ቀን ብየዳ ቤት ያለው ወጣት መጥቶ አየና "ይሄንን ከውጭ ነው ያስመጣኸው? እኔ በላሜራ እበይድልህ ነበር" አለ። እሱንም የሚያምነው አይጠፋም።

ለማላገጥ ብቻ እንዳይመስል አንድ እውነት ልናገር። በክሪክ አንስቶ፣ ከጎኑ ድንጋይ ደግፎ መኪና ሥር የሚተኛ ሰው ከዚህ ሁሉ የባሰ ሞኝ ነው። ክሪክ ጎማ ለመቀየር እንጂ ሰው ሥሩ እንዲገባ አልተሠራም። በሥርዓት የተተከለ ሊፍት ነፍስ ያድናል። ቀልዱ ያለው "በሥርዓት" በሚለው ላይ ነው።

ሰበታ ላይ ሊፍቱ በሥርዓት ተተከለ እንበል። ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ወለሉ የጠነከረ፣ ምሰሶው ቀጥ ያለ። ቪ8ቷም በመጨረሻ ተገዝታለች። ቅዳሜ ማታ ጎረቤት ተሰብስቦ እያየ ትወጣለች፤ ከሰው ቁመት በላይ ቆማ ታድራለች። እሑድ ጠዋት የእህት ልጅ ክርስትና አለ። መብራት የለም።

ሊፍት ላይ የወጣች መኪና የምትቆመው በዘይቱ ብቻ አይደለም፤ ዘይቱ ቢከዳ እንዳትወድቅ ምሰሶው ውስጥ ያለ የብረት ጥርስ ላይ ታርፋለች። ከጥርሱ ለማላቀቅ መጀመሪያ ጥቂት ወደ ላይ ማንሳት ያስፈልጋል። ወደ ላይ ለማንሳት ፓምፑ መሥራት አለበት። ፓምፑ ለመሥራት መብራት ይፈልጋል። ለደህንነት የተሠራው ጥርስ ያለ መብራት አይለቅም። ጄኔሬተሩስ? እሱ ለፍሪጅና ለቴሌቪዥን የተገዛ ነው፤ ሊፍቱ ደግሞ "ጠንካራ ይሁን" ተብሎ በስሪ ፌዝ የሚሠራው ነው የተመረጠው። ባለቤቱ ከሥር ቆሞ ሽቅብ ያያታል። አጎት ከውጭ ይጣራሉ፦ "ኧረ ልጁ ሳይጠመቅ ሊያድግ ነው!" በመጨረሻ ባጃጅ ተጠራች። ባጃጇ ያንን ሁሉ ጭቃ እየዘለለች፣ ነጭ የለበሰውን ቤተሰብ በሁለት ዙር ቤተ ክርስቲያን አድርሳ ሂሳቧን ተቀብላ ሄደች። በአገሩ መንገድ የተፈተነችው እሷ ናት።

የዚያን ሳምንት ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ። ከዚያ በኋላ ያለው የሊፍት ታሪክ የጎረቤት ታሪክ ነው። "ጋሼ፣ ለሁለት ደቂቃ ብቻ፣ የምትንኳኳዋን ነገር ልያት" የሚል ሰው በሩን ያንኳኳል። እምቢ አይባልም። ሁለት ደቂቃው ቡና ይፈላበታል። ሌላው ዘይት ሊቀይር ይመጣል፤ ሦስተኛው ለአጥሩ ቋሚ ከምስጥ መከላከያ የሚቀባው የተቃጠለ ዘይት ሊለምን ጀሪካን ይዞ ይቆማል። ከጋራዥ ተራ ሊያመልጥ የፈለገው ሰው ገንዘብ የማይቀበል ጋራዥ ከፍቶ ቁጭ አለ። ሚስትየዋ ፊልትሮ የሚለውን ቃል ከካንዴላ ለይታ ተማረች።

ይህ ሁሉ ሆኖ ዘመኑ ደግሞ ከሥሩ ተንሸራተተ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካሳወቀ ወዲህ ሰፈሩ ውስጥ የሚገቡት አዳዲሶቹ መኪኖች በኤሌክትሪክ የሚሄዱት ናቸው። የሞተር ዘይት የላቸውም፤ ፊልትሮም ካንዴላም ማርሚታም የላቸውም። ባለ ሊፍቱም ዘመን እንዳያልፈው አንዷን ገዛ። ሽቅብ አነሳትና ከሥሯ ገባ። ያየው ጠፍጣፋ የባትሪ ክዳን ነው። የሚፈታ ነገር አጥቶ በጨርቅ ጠረጋት፤ አወረዳት።

ዳግማዊ ምኒልክ የነገሩን ቅደም ተከተል ከኛ በተሻለ ያውቁ ነበር። ከአዲስ አበባ ወደ አዲስ ዓለም የሚወስደውን፣ ዛሬ ቡራዩ ባለችበት በኩል የሚያልፈውን መንገድ ማሠራት የጀመሩት አገሩ ውስጥ አንድም መኪና ሳይኖር ነው። አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን እ.ኤ.አ. በ1904 ያስገባውና ሕዝቡ "የሰርኪስ ባቡር" ያለው በእንፋሎት የሚሄድ መንገድ መዳመጫም ከመኪና ቀደመ። እንግሊዛዊው ቤንትሌይ የመጀመሪያዋን መኪና ይዞ የመጣው ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1907 ነው። መንገድ፣ መዳመጫ፣ ከዚያ መኪና። እኛ መኪና ገዛን፤ መንገዱ ሲሰብራት ከፍ ያለች መኪና ገዛን፤ እሷንም ሲሰብራት ሊፍት ገዛን። ውሃ ሲጠፋ ሮቶ፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር፣ መንገድ ሲጠፋ ሊፍት። ሦስቱ ከተሞች ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር አንድ ሆነዋል፤ በውስጣቸው ያለው እያንዳንዱ ግቢ ግን የየራሱን ማዘጋጃ ቤት አቋቁሟል።

እንዲህ እንዳይሆን የሚያደርግ መላ ደግሞ ከኛ አልራቀም። በብዙ ከተሞች ሰፈርተኛ አዋጥቶ ኮብልስቶን አስነጥፏል። ድንኳኑን፣ ወንበሩንና ድስቱን በጋራ ገዝቶ ለዘመናት የተጠቀመው እድርም አለ። ያው እድር ነው ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ከአስፋልቱ እስከ ሰፈሩ መጨረሻ ገረጋንቲ ለማስደፋት በየቤቱ መዋጮ የጠየቀው። ስብሰባው ላይ ጸጥታ ሆነ። ባለ ሊፍቱ ተነሣ።

"እኔ የምለው፣" አለ፣ "ገንዘብ ማዋጣቱ ሰውን ያስጨንቃል። መኪናው የተሰበረበት ሁሉ እኔ ጋ ያምጣ። ሊፍቱ የሁላችንም ነው።"

ጭብጨባው ቤቱን አናወጠው። ከኋላ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ግን ከዘራቸውን አነሡ።

"ተባረክ ልጄ። እናምጣልህ። አንተ ጋ የምንደርሰው ግን በየት በኩል ነው?"

ጸሐፊው ቃለ ጉባኤው ላይ "አስተያየት ተሰጥቷል" ብሎ ጻፈ። የመንገዱ አጀንዳ ለሚቀጥለው ዓመት ተዛወረ።