«በስንት ሰዓት?» በአብደራፊ የቀጠሮ አጠያየቅ ላይ የቀረበ አጭር ጥናት

ቀጠሮ መጠየቅን እንደ ጀርመኖች ያጠበቀ ሕዝብ ጥቂት ነው። የጀርመንኛ ጀማሪ ተማሪ ሰላምታውን እንደጨረሰ ሐኪሙን፣ ፀጉር አስተካካዩንና ቤት አከራዩን በስንት ሰዓት እንደሚያገኛቸው መጠየቅ ይለማመዳል። አገሩም እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 1 ቀን 1893 ጀምሮ በአንድ ወጥ ሰዓት ይተዳደራል።

ይህ ጥናት ያንኑ ጥያቄ ወደ ምዕራብ ጎንደር ቆላ፣ ወደ አብደራፊ ወስዶ ይመረምራል። መጠይቅ አልተበተነም፤ ያካባቢው ሰው መጠይቁን መቼ እንደሚመልስ ማስቀጠር ራሱን የቻለ ጥናት ይሻ ነበርና።

የአጠያየቁ መደበኛ ቅርጽ እንዲህ ያለ ነው።

«ጋሼ፣ ነገ በስንት ሰዓት ይመችዎታል?»

«ጧት ብቅ በል።»

«ጧት በስንት?»

«በጧቱ ነዋ! ፀሐይዋ ሳትበረታ።»

ጥናቱ በዚህ መልስ ላይ ጉድለት አላገኘም። ሙቀቱ በበጋ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት አገር የፀሐይዋን መበርታት የማያውቅ የለም፤ ባትሪም አይጨርስም።

ችግሩ የሚጀምረው ሰዓት በቁጥር ሲነገር ነው። በዚሁ ቆላ፣ የሱዳን ድንበር ላይ ባለችው መተማ ዮሐንስ «ሁለት ሰዓት እንገናኝ» የተባለ ሰው በሐበሻ ከቆጠረ ጧት ይመጣል። በፈረንጅ ቆጥሮ ከሰዓት በኋላ ነው ያለ ግን በእኛ ስምንት ሰዓት ላይ ይደርሳል። ሱዳን ደግሞ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1 ቀን 2017 ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለመለሰች፣ ከድንበሩ ማዶ ባለችው በገላባት ሰዓት ያሰላ ሦስተኛ ተቀጣሪ በዘጠኝ ሰዓት ብቅ ይላል። ሦስቱም በሰዓታቸው ደርሰዋል፤ አንዱም አላረፈደም፤ አልተገናኙም።

በእግሩ ወደ ገላባት የተሻገረ ሰው በዚሁ ሕግ አንድ ሰዓት ያተርፋል። ሲመለስ ያስረክባል።

ቀኑም እንደ ሰዓቱ ነው። ወዲያ ማዶ መሥሪያ ቤት ዓርብና ቅዳሜ ይዘጋል፣ ወዲህ ቅዳሜና እሑድ። ስለዚህ ሁለቱ ቢሮዎች አብረው የሚከፈቱት ከሰኞ እስከ ሐሙስ ነው። ገበሬው በበኩሉ «ለማርያም» ካለ ወሩ በባተ በ21 ማለቱ ነው፣ «ለሚካኤል» ካለ በ12። ሙስሊሙ ጎረቤቱ «ከጁምዓ በኋላ» ይላል። ቀኑ በዚህ ሁሉ አይሳሳትም። ተሽከርካሪው ግን የሚነሳው «ሲሞላ» ነው፤ «ሲሞላ» ከየትኛው የቀን መቁጠሪያ እንደተወሰደ ጥናቱ ሊደርስበት አልቻለም።

ከዚህ ተነስቶ የቆላው ሰው ቀጠሮ አያከብርም የሚል ካለ ሰሊጥን አላየም። ሰሊጥ በወቅቱ ካልታጨደ ፍሬ መያዣው ደርቆ ይከፈትና ፍሬውን መሬት ላይ ይበትነዋል፤ ይቅርታ ቢጠየቅም አይለቀምም። ወቅታዊ የጉልበት ሠራተኛው ሳሉግ ከደጋ የሚወርደው፣ ከቤቱ ርቆ የሚያርሰው ሞፈር ዘመትም ከእርሻው የሚከትመው ለዚህ ነው። ድንበር የለሽ ሐኪሞች ለዓመታት በሠሩበት በአብደራፊ የካላዛር ታማሚ የሚወስደው የተለመደው የሁለት መድኃኒት መርፌ በየቀኑ ለ17 ቀን የሚሰጥ ነው፤ «ሰሞኑን ብቅ እላለሁ» የሚባልበት ሕክምና አይደለም።

የጥናቱ ግኝት ስለዚህ የሚከተለው ነው። ቀጠሮ የሚጠብቀው ያረፈደው ሰው ራሱ ሲከስር ነው፤ ኪሳራው የጠባቂው ሲሆን ይላላል። ጀርመኖችም ከዚህ አላመለጡም። በዩኒቨርሲቲዎቻቸው አንድ ትምህርት ከተጻፈለት ሰዓት ሩብ ሰዓት ዘግይቶ የሚጀምርበት የቆየ ልማድ አለ፤ ልዩነቱ እነሱ መዘግየቱን ለክተው መርሐ ግብሩ ላይ መጻፋቸው ነው።

ወደ አብደራፊ የሚወርድ አንባቢ «በስንት ሰዓት?» ብሎ እንዳያበቃ ይመከራል። «በሐበሻ፣ በፈረንጅ ወይስ በሱዳን?» ይበል፤ የሚቀጥረው ሰው ሰሊጡን አጭዶ መጨረሱንም ያጣራ። ወሩ ጥቅምት ከሆነ ግን ቀጠሮውን ወደ ኅዳር ቢያሸጋግር ይሻለዋል።